አሸናፊ ከበደና የቡዳፔስቱ ቅጂ፦ ቀማሪውንና ኦርኬስትራውን ለይቶ ስለ መመዘን

በ1967 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ የሙዚቃ ቀማሪ ቡዳፔስት ላይ በሐንጋሪ የመንግሥት ኦርኬስትራ ፊት ቆመው የገዛ ድርሰቶቻቸውን መሩ። እኚህ ሰው አሸናፊ ከበደ ነበሩ፤ ከድርሰቶቹም ስማቸው ጎልቶ የቀረው «ሰላም ለኢትዮጵያ» እና «እረኛው ባለ ዋሽንት» ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚጻፉ አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ይህን ክስተት ሳይጠቅሱ አያልፉም፤ ከክስተቱም ጋር በሐንጋሪ ያተረፉትን «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ቅጽል ያነሣሉ። ቅጽሉ እንደ ኒሻን ይቆጠራል፤ ተጠቅሶ ይታለፋል እንጂ አይመረመርም። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ሙዚቃ የተሰጠ ፍርድም ነው፤ ፍርድ እስከ ሆነ ድረስ ደግሞ በምን ማስረጃ እንደ ቆመ መጠየቁ ተገቢ ነው። ዛሬ የቀረው ዋና ማስረጃ የድምፅ ቅጂ ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ ኮዳይን የሚያስታውሰው ነገር ከቀማሪው ብዕር የወጣ ነው ወይስ ከተጫዋቾቹ እጅ? የአሸናፊን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ ጋር አያይዞ መከተል ሰውየውን ከቅጽሉ ባሻገር ለማየት ይረዳል።

አሸናፊ በ1938 በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። የልጅነታቸው ከተማ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሙዚቃ ጎን ለጎን የሚሰማባት ነበረች። አንደኛው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ የሚያጅቡት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ሁለተኛው በየጠጅ ቤቱና በየሰርጉ ማሲንቆ ይዞ የሚገጥመው አዝማሪ ነው። ሦስተኛው የነሐስና የነፋስ መሣሪያ የያዘው ባንድ ሲሆን፣ ይህኛው በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው። ከነፃነት በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተስፋፉ፤ በ1955 በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱን ኦርኬስትራ ያዘ። በእነዚህ ተቋማት ውስጥ የአገሩን ዜማ ለምዕራባውያን መሣሪያዎች የማስማማት ሥራ በብዛት በውጭ አገር ተወላጆች እጅ ነበር። ከመካከላቸው በተለይ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን አገሩን አገሬ ብሎ የኖረና የሞተ ሰው ስለ ሆነ እንደ እንግዳ መቁጠሩ አግባብ አይሆንም። ቢሆንም ተወላጅ የሆነና በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሠለጠነ የኦርኬስትራ ቀማሪ ገና አልተገኘም ነበር።

ይህን ቦታ የያዙት አሸናፊ ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው በ1962 ተመረቁ። ኢስትማን ያን ጊዜ በቀማሪው በሃዋርድ ሃንሰን ይመራ ነበር። ሃንሰን አሜሪካውያን ቀማሪዎች ከአውሮፓ ጥላ ወጥተው የራሳቸውን ድምፅ እንዲፈልጉ ለአሥርተ ዓመታት የደከመና የወጣት ቀማሪዎች ሥራ በኦርኬስትራ ተጫውቶ እንዲሰማ መድረክ የከፈተ ሰው ነው። ስለዚህ አሸናፊ የምዕራቡን ሙዚቃ የተማሩበት ቤት አንድ አገር የራሷን ሙዚቃ በኦርኬስትራ ቋንቋ መናገር ትችላለች የሚለው እምነት እንደ ተራ ነገር የሚታይበት ቤት ነበር ማለት ነው። ይህ እምነት ኋላ በሠሩት ሁሉ ላይ ይታያል፤ ጥርጣሬያቸውም ጭምር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ፒያኖና ቫዮሊን የሚማር ተማሪ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ከሚማር ተማሪ ጋር በአንድ ግቢ እንዲውል ማድረግ ዛሬ ቀላል ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን ማሲንቆ የአዝማሪ፣ አዝማሪም የተናቀ ሙያተኛ ነበረ፤ ልጁን ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ ማሲንቆ ይዞ እንዲመለስለት አይጠብቅም። በዚሁ ሰሞን ነው በእንግሊዝኛ የጻፉት «ኮንፌሽን» የተሰኘው ልቦለዳቸው የታተመው። መጽሐፉ ኢትዮጵያውያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው ቀደምት ልቦለዶች መካከል ይቆጠራል፤ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ጉዳይ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ማለፉ ይሻላል።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመታት ውስጥ፣ ለዚያው ጥያቄ ሌላ መልስ የሰጠ ሰው ነበረ። ግብፃዊው ቀማሪ ሃሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። እርሱ የመረጠው ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን ከየአካባቢያቸው አምጥቶ አንድ መድረክ ላይ ማሰባሰብ ነበር፤ ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ አመራር ለዓመታት ዘለቀ። ኤል ዳብ መሣሪያዎቹን ሳይለውጥ የአቀማመጡን ሥርዓት ለወጠ። አሸናፊ ደግሞ በድርሰቶቻቸው የምዕራቡን ሥርዓትም መሣሪያም ተቀብለው ዜማውን ይዘው ገቡ። ሁለቱም መንገድ ዋጋ ያስከፍላል። የኤል ዳብ መንገድ ዋጋው ወዲያው ይታያል፤ ለየብቻ እንዲጫወቱ የተሠሩ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ቅኝታቸውን ማስማማት ግድ ይላል። የአሸናፊ መንገድ ዋጋ ግን ድርሰቱ በኦርኬስትራ እስኪሰማ ድረስ ተሰውሮ ይቆያል። የሕብረቁምፊ መሣሪያዎች የበዙበት ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በቋሚነት ማቆየት ደግሞ ለአዲስ አበባ ከባድ ነበር። ቀማሪው የጻፉትን በሙሉ መጠኑ ለመስማት ወደ ውጭ መሄድ ነበረባቸው።

ቡዳፔስት በዕጣ የተገኘች ከተማ አትመስልም። የሐንጋሪ ተመራማሪዎች በዚያን ዘመን ኢትዮጵያን ያውቋት ነበር፤ የሙዚቃ አጥኚው ባሊንት ሻሮሺና የውዝዋዜ አጥኚው ጆርጅ ማርቲን በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የተለያዩ ሕዝቦችን ሙዚቃና ጭፈራ ቀርጸዋል፤ የጥናታቸውም ውጤት በ1967 ታትሟል። ሁለቱም ዞልታን ኮዳይና ቤላ ባርቶክ ከመሠረቱት የሕዝብ ዜማ ጥናት የወጡ ናቸው። ኮዳይና ባርቶክ ከ1905 እና ከ1906 ጀምሮ ፎኖግራፍ ተሸክመው በሐንጋሪ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ዜማ ሰበሰቡ፤ ከሰበሰቡት ውስጥ ጥንታዊው ክፍል በአምስት ድምፅ የተመሠረተ ሆኖ አገኙት። ኮዳይ ይህን ዜማ በኦርኬስትራና በመዘምራን ሥራዎቹ ውስጥ አስገባው፤ በ1923 ለቡዳና ለፔስት ከተሞች ውህደት 50ኛ ዓመት የጻፈው «ፕሳልሙስ ሁንጋሪኩስ» የተሰኘው የመዘምራንና የኦርኬስትራ ድርሰት ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል። ከዚያም የሕዝብ ዜማን የትምህርት ቤት መሠረት አደረገው። አንድ ኢትዮጵያዊ፣ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ የሚቀምር፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመሠረተ ወጣት በኮዳይ ከተማ መድረክ ላይ ሲቆም ሐንጋሪያውያን የራሳቸውን ታሪክ በእርሱ ውስጥ ቢያዩ አያስደንቅም። ኮዳይ ራሱ ያረፈው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጀመሪያ ነው።

ፍርዱን ከማየት በፊት ግን መፍረጃው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ በቅጂ የተመዘነው ሥራ ምናልባት የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ነው፤ መዘምራን በመጨረሻው ክፍል የሚገቡበት፣ በ1824 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ድርሰት። ቤትሆቨን ያን ዕለት መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግን ስላልሰማ ተጫዋቾቹ የሚከተሉት ሚካኤል ኡምላውፍን ነበር። የቀማሪው መገኘትና የአጨዋወቱ ትክክለኛነት አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ዛሬ ይህን ሲምፎኒ የሚመዝን ሰው ፉርትቬንግለር በ1951 በባይሮይት የመራውን ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጥቂት የሚያንሰውን አጨዋወት፣ ሮጀር ኖሪንግተን በ1987 የቤትሆቨንን የፍጥነት ምልክቶች ተከትሎ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከፈጸመው ጋር ጎን ለጎን ማድመጥ ይችላል። ሦስተኛው ክፍል በአንዱ እንደ ጸሎት ሲዘገይ በሌላው እንደ ዘፈን ሲራመድ፣ አድማጩ ዝግታው የፉርትቬንግለር እንጂ የቤትሆቨን የግድ አለመሆኑን ይረዳል። ልዩነቱ ነው ድርሰቱን ከአጨዋወቱ የሚለየው። ብዙ ቅጂ ባለበት አንዱ ሌላውን ይመሰክርበታል።

የአሸናፊ ሥራዎች ይህን ዕድል አላገኙም። በስፋት የሚታወቁት በቡዳፔስቱ አጨዋወት ነው፤ ስለዚህ አድማጩ የሚሰማውን ሁሉ የቀማሪው አድርጎ ይወስደዋል። የኦርኬስትራው ቫዮሊኖች በሰፊው ቢዘምሩ ሰፊ ዜማ ጻፉ ይባላል፤ ምቱ ቢከብድ ከባድ ምት ጻፉ ይባላል። ዛሬ ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ ቆሞ በስልክ ማዳመጫ የሚሰማው ተማሪማ ጭራሹን ሌላ ችግር ይጨመርበታል፤ የኮንትራባሱ መሠረት በመንገዱ ጫጫታ ይዋጥና ከላይ ያለው ዜማ ብቻ ይቀርለታል፤ ከዚያም ድርሰቱ መሠረት እንደሌለው አድርጎ ሊያስብ ይችላል። ይህን እንደ ቀልድ ማለፍ አይገባም፤ የሙዚቃ ሒስ በየትኛው መሣሪያ እንደ ተደመጠ ሳይናገር የሚጽፍ ሰው ሚዛኑን ሳያሳይ ዋጋ እንደሚጠራ ነጋዴ ነው።

ታዲያ ያ ኦርኬስትራ ምን ዓይነት ኦርኬስትራ ነበር? የሐንጋሪ የመንግሥት ኦርኬስትራ በ1923 በቡዳፔስት የተቋቋመ ሲሆን ከ1952 ጀምሮ በያኖሽ ፌረንቺክ ይመራ ነበር። ፌረንቺክ የኮዳይንና የባርቶክን ሥራዎች በመምራት የታወቀ ሰው ነው። እንግዲህ በ1967 አሸናፊ ኖታቸውን የዘረጉላቸው ተጫዋቾች ባለ አምስት ድምፅ ዜማን አዲስ ነገር ብለው አልተቀበሉትም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በትምህርት ቤት የዘመሩት፣ በየዓመቱ በኮዳይ ድርሰት ውስጥ የሚጫወቱት ዓይነት መስሎ ታያቸው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የሐንጋሪ ቋንቋ ቃሉን ሁሉ በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይጫናል። የሕዝብ ዜማቸውም ይህን ጫና ይዞ ሐረጉን በጠንካራ ድምፅ ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜም አጭሩን ድምፅ አስቀድሞ ረጅሙን ያስከትላል። አማርኛ ግን ጫናው ቀላልና እኩል የተከፋፈለ ነው፤ የአዝማሪ ሐረግ እንደ ንግግር ይፈስና ክብደቱን ወደ ቤት መድፊያው ያስጠጋል። ኖታ ላይ የተጻፈ አንድ ዜማ ይህን ልዩነት አይነግርም። ተጫዋቹ ቀስቱን ሲያሳርፍ ክብደቱን የት እንደሚያኖር የሚነግረው የገዛ ቋንቋው ነው።

ቀማሪው ራሳቸው እየመሩ ሳለ ይህ እንዴት ያመልጣቸዋል ብሎ መሞገት ይቻላል። ሙግቱ ሚዛን ይደፋል፤ ግን እስከ ተወሰነ ልክ ነው። መሪ ፍጥነትን ይወስናል፣ ነሐሶቹን ዝቅ ክላርኔቱን ከፍ ያደርጋል፣ አገባብን ያስተካክላል። በጥቂት ልምምድ የአንድን ኦርኬስትራ የቀስት አያያዝ፣ የፍሉት ተጫዋቹን የድምፅ ንዝረትና የሐረግ አከፋፈት ልማድ መለወጥ ግን አይችልም፤ ያ የዓመታት ሥራ ነው። በገዛ ድርሰቱ ላይ ተደጋጋሚ ቅጂ የሠራው ስትራቪንስኪም ቢሆን ዛሬ የሚታመነው በቆመበት መድረክ ብቻ አይደለም፤ «የፀደይ ቅዳሴ» የተሰኘውን ሥራውን በ1929፣ በ1940 እና በ1960 ሲቀርጽ ሦስቱ እርስ በርሳቸው በፍጥነትም በአኳኋንም ይለያያሉ። አሸናፊ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የመሞከር ዕድል ቢያገኙ ኖሮ የመጀመሪያው ምን ያህል የእርሳቸው እንደ ነበረ ይታወቅ ነበር።

ከአጨዋወቱ ወደ ድርሰቱ ሲገባ የኮዳይ ንጽጽር ሌላ እክል ይገጥመዋል። የሐንጋሪው ጥንታዊ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ግማሽ ድምፅ የለውም፤ ድምፆቹ ሰፋ ሰፋ ባለ ርቀት የተቀመጡ ስለ ሆኑ እርስ በርሳቸው ቢደራረቡ አይጋጩም። ኮዳይ የኀብረ ድምፁን ጥያቄ በብዛት የፈታው በዚህ ነው፤ አጃቢውን ከዜማው ከራሱ ድምፆች ሠራው። ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ትዝታና አንደኛው የባቲ ዓይነት ይህን ይፈቅዳሉ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ አላቸው፤ ከመነሻቸው በላይም ለምዕራቡ ኀብረ ድምፅ የግድ የሚያስፈልገው ሦስተኛ ድምፅ የላቸውም። በአምባሰል የተጻፈን ዜማ በመነሻው ላይ በተለመደው ሦስት ድምፅ የሚያጅብ ቀማሪ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ያመጣል፤ ያ አንድ ድምፅ ሲገባ ዜማው ወዲያው ሌላ አገር ይሆናል። በየባንዱ በፒያኖና በጊታር የታጀቡ የአምባሰል ዘፈኖችን ያደመጠ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቀማሪ ከኮዳይ ሊማር የሚችለው መንገዱን ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ራሱ መጥረግ አለበት። የአሸናፊ ድርሰት የሚመዘንበት ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ይመስላል፤ ኮዳይን መሰሉ ወይ ሳይሆን፣ ኮዳይ የማይረዳቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ምን አደረጉ?

«እረኛው ባለ ዋሽንት» ለዚህ ፈተና ርእሱ ራሱ ይመቻል። ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹ ቅኝቱንና ከፍታውን ለመለወጥ የተለያየ ቁመት ያላቸውን በርካታ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። የድምፁ ለዛ ያለው በትንፋሹ ሽውታ፣ ቀዳዳውን በከፊል በመክደን በሚገኘው መንሸራተትና አንዱን ድምፅ ሳይለቅ ወደ ሌላው በመጎተቱ ነው። የኦርኬስትራ ፍሉት የብረት ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ ከጎረቤቱ ተለይቶ ይወጣል፤ ትንፋሹ እንዳይሰማ ተጫዋቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ሠልጥኗል። እረኛው በፍሉት ሲናገር ስለዚህ በትርጉም ነው የሚናገረው። ትርጉም መሆኑ ነውር የለውም፤ ቀማሪው ፍሉትን የመረጡት ዋሽንትን ሊተኩበት ሳይሆን እረኛውን ከሩቅ ሊያሳዩበት ከሆነ ምርጫው ያስኬዳል። ሒሱ ግን ይህን ማንሣት አለበት፤ ዋሽንት ይመስላል ብሎ ማድነቅ ፍሉቱንም ዋሽንቱንም አለመስማት ነው።

ከቡዳፔስት በኋላ የአሸናፊ ሕይወት የሄደበት አቅጣጫ ጥያቄው እርሳቸውንም ሳያስጨንቃቸው እንዳልቀረ ይጠቁማል። ወደ አሜሪካ ተመልሰው ኮነቲከት ውስጥ በሚገኘው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ኢትኖሙዚኮሎጂ አጠኑ፤ በ1969 የማስተርስ፣ በ1971 ደግሞ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት ላይ በጻፉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ዌስሊያን የጃፓን፣ የጃቫና የህንድ ሙዚቃ ከየአገሩ በመጡ ባለሙያዎች በተግባር የሚማሩበት ቤት ነበር። ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ የጻፉት «ኮቱሬዢያ» ከዚህ ዓለም ጋር ይዛመዳል። ኮቶ እንደ በገናና እንደ ክራር ክሩ እየተነቀሰ የሚጮኽ፣ በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የሚቃኝ መሣሪያ ነው፤ ከጃፓን ቅኝቶችም መካከል እንደ አምባሰል ግማሽ ድምፅ ያላቸው ይገኛሉ። ከኦርኬስትራ ወደ አራት መሣሪያ መውረዱን እንደ ማነስ የሚያዩ ይኖራሉ። በተቃራኒው ማየትም ይቻላል፤ ኮዳይ ለማይፈታው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው ከቡዳፔስት ይልቅ ወደ ጃፓን ቢመለከት ትክክለኛውን ጎረቤት አገኘ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ በየመጽሔቱ ያወጧቸው ጥናቶች ለራሳቸው ድርሰቶች ጥሩ መመዘኛ ናቸው። በ1975 ስለ አዝማሪ በጻፉት ውስጥ አዝማሪን ገጣሚም ዜመኛም አድርገው ያዩታል፤ ግጥሙና ዜማው አንድ ላይ የሚወለዱ ናቸው እንጂ አንዱ በሌላው ላይ የሚለጠፍ አይደለም። በ1977 ስለ ክራር የጻፉት ደግሞ ክራር የሰይጣን፣ በገና የዳዊት ተብለው የተለዩበትን ምክንያት ይመረምራል፤ የመሣሪያ ድምፅ ከተሸከመው ማኅበራዊ ትርጉም እንደማይነጠል ያሳያል። በ1976 ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ፣ በ1980 ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ክርስቲያኖች ቅዱስ ዜማ ጻፉ። የአማራ አዝማሪዎችን ሙዚቃም በሸክላ አሳትመዋል። ይህ የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ ሰው በሕይወቱ ሁለት ዓይነት ቅጂ ትቶ አልፏል፤ በአንዱ እርሳቸው ይመራሉ፣ በሌላው አዝማሪው ይመራቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ያላደመጠ ስለ አሸናፊ ጆሮ ለመናገር አይችልም። መሣሪያ ከትርጉሙ አይነጠልም ብሎ ያስተማረ ምሁር እረኛውን ለምን ለፍሉት እንደ ሰጠ የሚጠየቀውም ከውጭ በመጣ መስፈርት ሳይሆን በራሱ መስፈርት ነው።

በኒው ዮርክ ኩዊንስ ኮሌጅና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደው የአፍሪካ አሜሪካውያን ባህል ማዕከልን መሩ። በ1982 የታተመው የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥረ መሠረት ላይ ያተኮረው መጽሐፋቸው የአፍሪካን ድምፅ፣ መሣሪያና ውዝዋዜ ከአሜሪካ ጥቁሮች ቅርስ ጋር ያገናኛል። ኢትዮጵያን ከቀሪው አፍሪካ ነጥሎ ማየት በተለመደበት የጥናት መስክ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። በ1998 ስድሳኛ ዓመታቸው ላይ በአሜሪካ አረፉ።

ቅጽሉ ከእርሳቸው በኋላም ቆይቷል። ቡዳፔስት የሰማችው አሸናፊ ምን ያህሉ የራሳቸው፣ ምን ያህሉ የፌረንቺክ ተጫዋቾች እንደ ነበረ ለመለየት ግን ከእንግዲህ የሚረዳው ሌላ ቅጽል ሳይሆን ሁለተኛ አጨዋወት ነው። ኖታው በምሁራዊ ዝግጅት ታትሞ፣ የአምባሰልን ሐረግ በአማርኛ ጫና የሚከፍቱ የቫዮሊን ተጫዋቾች ቢሞክሩት፣ የእረኛውም ዜማ አንድ ጊዜ በፍሉት አንድ ጊዜ በዋሽንት ቢሰማ፣ ከ1967ቱ ቅጂ አጠገብ የሚቀመጥ ነገር ይገኛል። የፍሉትና የዋሽንት ክፍሎች በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉበት ትምህርት ቤት እርሳቸው የመሠረቱት ነው።